የባህል ዕውቀት በሰማይ ያለች ላም እንዳትሆን

በአዲስ አበባ እህል በረንዳ አንድ ደላላ ከጆንያ አፍ እፍኝ ጤፍ ያወጣና መዳፉ ላይ በተን ያደርገዋል። በአውራ ጣቱ አሸት፣ እፍ ካደረገ በኋላ "ይህ የአድአ ማኛ ነው፤ ይኸኛው ሰርገኛ ነው፤ ያኛውን ውሃ ነክቶታል" ይላል። ዋጋው የሚቆረጠውም በዚሁ ነው። ደላላው ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ አላገኘውም። ከገበሬው ሰምቶ፣ ከቀደሙት ነጋዴዎች አይቶ፣ በእጁ ዳብሶ ነው የለመደው። መዝገብም ሆነ ማኅተም የለውም፤ ነገር ግን ገንዘብ ነው።

ገንዘብ የሆነን ነገር ባለቤቱ ካልመዘገበው ሌላው ይመዘግበዋል። በጤፍ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሆላንድ የተመዘገበው ጤፍ

ለማስታወስ ያህል፣ ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከያኔው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ጋር ውል ተፈራረመ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያ ወስዶ በአውሮፓ ምርት ሊያወጣ፣ ከሚያገኘውም ጥቅም ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ነበር ስምምነቱ። ውሉ በጊዜው ለሌሎች ታዳጊ አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። በሌላ በኩል ግን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የፓተንት ማመልከቻ ለአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ቀርቦ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸደቀ። የማመልከቻው ዋና ነጥብ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሰንበት ብሎ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል የሚል ነው። ጤፍ እያስፈጨ ለኖረ ቤት በዚህ ውስጥ ምን ያህል አዲስ ግኝት እንዳለበት አንባቢ ይፍረድ።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ያገኘችው ገንዘብ ከጥቂት ሺህ ዩሮ አላለፈም። ፓተንቱ ግን አብሮ አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻግሮ ኖረ። በመጨረሻ በሄግ ያለው ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2018 እ.ኤ.አ. ፓተንቱ የፈጠራ እርምጃ የለበትም በማለት በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው።

ብዙዎች ይህን እንደ ድል ቆጥረውታል። ድልነቱ ባይካድም፣ ነጋዴው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰው በኢትዮጵያ ከሳሽነት አልነበረም። የጤፍ ዱቄት በሚሸጡ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ጠብ ነው። እነርሱ ባይጣሉ ኖሮ ፓተንቱ ዕድሜውን ጨርሶ እስኪያልፍ ድረስ በዚያው አገር ጸንቶ ሊቆይ ይችል ነበር። የሌላ ሰው ጠብ ያተረፈው ሀብት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ላይተርፍ ይችላል።

እርድና መጽሐፍ

በፓተንት ክርክር ውስጥ "አያቶቻችን ያውቁት ነበር" ማለት ብቻውን አያዋጣም። የሚያዋጣው ማስረጃ ነው። ሕንዶች ይህን በእርድ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እርድ ቁስል እንዲሽር ያደርጋል በሚል ፓተንት ተሰጠው። በሕንድ ይህን የማያውቅ ቤት የለም። የሕንድ መንግሥት የምርምር ምክር ቤት ግን በመንገድ ላይ ሰልፍ አልወጣም። የቆዩ ጽሑፎችን፣ ከእነርሱም መካከል የሳንስክሪት ጽሑፍና በ1953 የታተመ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ አቅርቦ ተከራከረ። ፓተንቱ በ1997 ተሰረዘ።

ሕንድ በዚህ አላበቃችም። በየጊዜው ጠበቃ ከመክፈል አስቀድሞ መመዝገብ ይረክሳል ብላ፣ ከ2001 ጀምሮ የባህል ሕክምና ዕውቀቷን በኮምፒዩተር የሚመዘግብ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች። ከ200 ሺህ በላይ የመድኃኒት ቅመማዎች በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛ ተዘጋጅተው ለፓተንት መርማሪዎች ክፍት ተደረጉ። መርማሪው ማመልከቻ ሲደርሰው መዝገቡን ያያል፤ ነገሩ ድሮም የታወቀ ከሆነ ማመልከቻው እዚያው ይወድቃል።

ሕንድ ይህን ማድረግ የቻለችው መጽሐፉ ስለነበራት ነው ሊባል ይችላል። የኢትዮጵያስ መጽሐፍ የት ነው? ጥቂቱ በብራና አለ። አብዛኛው ግን በሰው አፍና እጅ ላይ ነው፤ በኮንሶ የእርከን ባለሙያ፣ በዶርዜ ሸማኔ፣ በአፋር የግመል አርቢ፣ በየመንደሩ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ። ይህን ሰው ተመራማሪ ይጎበኘዋል፤ ድምፁን ይቀዳል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ መዝገቡን ሞልቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ባለዕውቀቱ ስለ ቃሉ የሚሰማው ነገር የለም።

ቅጂው የት ገባ?

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የጥንቱ ሰው የርስትና የጉልት ስጦታውን የሚያስመዘግበው በአቅራቢያው ባለ ደብር ወይም ገዳም፣ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ክርክር ሲነሣ መጽሐፉ ይገለጣል፤ ካህኑ ያነባል፤ ምስክር ይሰማል። መዝገቡ ከባለጉዳዩ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው። ማንበብ የማይችለውም ቢሆን የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያነብለት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የእነዚህን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተሳተፈችበትና በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር የተከናወነ ሥራ ሲሆን፣ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍት ተቀድተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝርና ይዘት ሲያዘጋጁ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ሥራው ትልቅ ባለውለታ ነው፤ ዋናው መጽሐፍ በእሳት ቢቃጠል ወይም በሌባ ቢወሰድ ቅጂው ይኖራል። ዛሬ ከዚያ ስብስብ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል።

ታዲያ የሚታየው ለማን ነው? በርሊን ወይም ቶሮንቶ ለተቀመጠ ተማሪ ይታያል። መጽሐፉ ለወጣበት ደብር አለቃ ግን፣ በአካባቢው ኔትዎርክ ከሌለ፣ ስልኩም ተራ ስልክ ከሆነ፣ ገጹም በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ አይታይም። በሌሎች የባህል ጥናቶችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ቅጂው ሩቅ አገር ባለ አንድ ቤት ብቻ መቀመጡ ለራሱ ለቅጂውም አስተማማኝ አይደለም። በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. በለንደን ያለው የብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተመትቶ የኦንላይን አገልግሎቱ ለወራት ተቃውሶ ነበር። በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቤት እንዲህ ከሆነ፣ አንዱ ቅጂ እዚያው መንደር ቢቀመጥ ቅንጦት አይባልም። ነጋዴ ዕቃውን ሁሉ በአንድ መጋዘን እንደማያስቀምጥ ሁሉ መዝገብም እንዲሁ ነው።

ኔትዎርክ ሳይጠበቅ

"ገጠሩ እስኪገናኝ ምን ይደረግ?" የሚሉ አሉ። መልሱ ከአውስትራሊያ በረሃ ይገኛል። በማዕከላዊው በረሃ የሚኖሩት አናንጉ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1994 "አራ ኢሪቲትጃ" የተባለ የራሳቸውን መዝገብ ጀመሩ። የስሙ ትርጉም የጥንት ወሬዎች እንደማለት ነው። ሚሲዮናውያን፣ መምህራንና ተመራማሪዎች በየጊዜው ወስደዋቸው በየሙዚየሙና በየሰው ቤት የተበተኑ ፎቶግራፎች፣ ፊልሞችና የድምፅ ቅጂዎች ተፈልገው በኮምፒዩተር ተቀዱ። በዚያ ዘመን በበረሃው ውስጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከነማተሚያው አቧራ በማያስገባ፣ በሚቆለፍና በሚገፋ ሣጥን ውስጥ አድርገው ወደ መንደሮቹ ወሰዱት። ሽማግሌዎች የአባቶቻቸውን ፎቶግራፍ አዩ፤ ስሙ የተሳሳተውን አረሙ፤ ታሪክ ጨመሩ። በባህላቸው የሟች ፎቶግራፍ በሐዘን ጊዜ አይታይምና እንዲሸፈን አደረጉ። ለወንዶች ብቻ ወይም ለሴቶች ብቻ የሚታየውንም ለዩ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ዋናው ጉዳይ ሽቦው አለመሆኑ ነው፤ መዝገቡ በባለቤቱ እጅ መግባቱ ነው። ሁለተኛው፣ "መመዝገብ ማለት ለሌባ ማሳየት ነው" የሚለው ስጋት መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀታቸውን የሚደብቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን መመዝገብና ለሁሉ መግለጥ አንድ አይደሉም። ምን ለሕዝብ፣ ምን ለፓተንት መርማሪ፣ ምን ለቤተሰብ ብቻ እንደሚሆን ባለቤቱ ሊወስን ይችላል። መወሰን የሚችለው ግን መዝገቡን ሲያየው ነው።

በኒውዚላንድ ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ሄዷል። በሰሜኑ ጫፍ በካይታያ ከተማ ያለው ቴ ሂኩ የተባለ የማኦሪ ሬድዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡን ጠርቶ፣ በ10 ቀን ውስጥ 2,500 ያህል ሰዎች ከ300 ሰዓት በላይ በቋንቋቸው እያነበቡ እንዲቀዱ አደረገ። በዚህም የማኦሪን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሩ። ቅጂውን ግን ለማንም አልሸጡም። የራሳቸውን የፈቃድ ደንብ አውጥተው፣ መረጃው ለሕዝቡ ጥቅም ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ አደረጉ።

ይህ የነጋዴን ጆሮ ሊያቆም ይገባል። ዛሬ የሰው ቋንቋ ራሱ ሸቀጥ ሆኗል። ስልክ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ እንዲሰማ የሚያደርግ ፕሮግራም ለመሥራት የሚፈልግ ሁሉ ጥሬ ዕቃው የሰው ድምፅ ነው። የቡናን ጥሬ ፍሬ ሸጦ የተቆላውን በውድ መግዛት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አገር፣ ድምፁንም በጥሬው ሰጥቶ አገልግሎቱን በዶላር እንዳይገዛ ከወዲሁ ቢያስብ መልካም ነው።

"ይህ የነጋዴ ጉዳይ ነውን?"

ነው። የሽሮ ሜዳን ገበያ የሚያውቅ ሰው ምስክር ነው። የእጅ ጥለት መስሎ በውጭ አገር ፋብሪካ የሚወጣ ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ ጎን መሸጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ሸማኔው ወራት የደከመበት ንድፍ በስልክ ፎቶግራፍ ባሕር ይሻገራል፤ በማሽን ተባዝቶ በርካሽ ይመለሳል። ሸማኔው ንድፉ የእርሱ ወይም የአባቶቹ መሆኑን የሚያሳይበት፣ ቀን ያለው መዝገብ የለውም። ገዢውም የእጁን ከማሽኑ የሚለይበት ምልክት የለውም። በዚህ የሚጎዳው ሸማኔው ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን ሥራ ይዞ ውጭ ለመላክ የሚደክመውም ነጋዴ ጭምር ነው።

በቡና በኩል ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ተሳክቶላታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ጠየቀች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። በዚህ ክርክር ግልጽ የሆነው፣ ገዢው የሚከፍለው ለፍሬው ብቻ ሳይሆን ለስሙና ለታሪኩ ጭምር መሆኑን ነው። ስምና ታሪክ ደግሞ የሚገኘው ከመንደር ነው። ማሩ፣ ቅቤው፣ ጌሾው፣ ኮረሪማው፣ እንሰቱ ሁሉ ታሪክ አላቸው። ታሪኩን በማስረጃ ማቅረብ የቻለ ላኪ ይጠቀማል፤ ያልቻለ በጅምላ ዋጋ ይሸጣል።

ሕጉ አለ፤ መንገዱ የለም

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብት፣ ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀትና ስለ ማኅበረሰብ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ ሳይፈቅድ ዕውቀቱ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅምም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ ያዛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ የቅርስ ጥናት በፈቃድ እንዲካሄድ ያደርጋል። በሜይ 2024 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የጸደቀው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነትም፣ 15 አገሮች አጽድቀውት ሥራ ላይ ሲውል፣ የፓተንት አመልካቾች የተጠቀሙበትን የጄኔቲክ ሀብት ምንጭ እንዲገልጹ ያስገድዳል። አገሮች ከማኅበረሰቦች ጋር ተመካክረው የዕውቀት መዝገብ ማቋቋም እንደሚችሉም ያመለክታል።

ይሁን እንጂ "አስቀድሞ አውቆ መፍቀድ" የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? የአፋር አርብቶ አደር ወይም የኮንሶ ገበሬ ቃሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ምን እንደሚሸጥበት ካላወቀ የፈቀደው ምንድን ነው? የጣት አሻራ ማስፈረም ማሳወቅ አይደለም። ደላላ እንኳ ሻጩን ሳያሳይ ዋጋ ቢቆርጥ "ሽርክ አለው" ይባላል።

መሣሪያው ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም የኮምፒዩተር መለያ በዩኒኮድ ከተመዘገበ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ "ኮምፒዩተሩ አማርኛ አይጽፍም" የሚለው ምክንያት አብቅቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን በነበረበት ገበያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ሥራ ጀምሯል። ውድድሩ ግን በባሕርዩ ሰው ወደበዛበት ከተማ ያደላል፤ ራቅ ያለው ወረዳ ለማንም ኩባንያ ቶሎ ትርፍ አይሰጥም። ስለዚህ ማኅበረሰቡ በኔትዎርክ እስኪደርስ መጠበቅ አይኖርበትም።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ፣ የባህልና የቅርስ ጥናት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ቀላል ግዴታ ቢጨምር ብዙ ይሻሻላል። ይኸውም ተመራማሪው ሥራውን ሲጨርስ የቀዳውን ሁሉ ለማኅበረሰቡ በራሱ ቋንቋ፣ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ መልክ እንዲያስረክብ ነው። ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ይሁን። ማስቀመጫው ትምህርት ቤቱ፣ ደብሩ፣ መስጊዱ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊሆን ይችላል። አንድ ስልክ፣ አንድ የማስታወሻ ካርድና አንድ የፀሐይ ኃይል መሙያ የሚጠይቀው ወጪ ለአንድ የጥናት ጉዞ ከሚወጣው የመኪና ኪራይ የሚበልጥ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ላኪዎችና አስጎብኚ ድርጅቶች ከአምራቹ ጋር ውል ሲዋዋሉ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት ብቻ ሳይሆን ስለ ታሪኩም ይዋዋሉ። ፎቶግራፉን፣ ስሙንና ንድፉን በማስታወቂያ የሚጠቀም ነጋዴ ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ ቅጂ ይስጥ፤ ድርሻ ይቁረጥ። ይህ ምጽዋት አይደለም። ነገ ክርክር ቢነሣ ምስክር የሚሆነው ያው አምራች ነው።

ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የቅርስ ባለሥልጣንና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በየፊናቸው የሚይዙትን መዝገብ አስተያይተው፣ ማኅበረሰቡ የፈቀደውን ያህል ለፓተንት መርማሪዎች የሚያቀርቡበት መንገድ ይበጅ። ንግድ ምክር ቤቶች ይህን ቢጠይቁ የሚመለከታቸውን ነገር ነው የጠየቁት።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ክርክርም አያጣውም። በአንድ አካባቢ "ዕውቀቱ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጨቃጭቅ ይችላል። ጥለት የዶርዜ ብቻ፣ ጤፍ የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። ሆኖም በአገር ውስጥ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ፣ ሄግ ድረስ ተሂዶ በጠበቃ ከሚከራከሩበት ጉዳይ ይሻላል።

የእህል በረንዳው ደላላ ዛሬም እፍኝ ጤፍ ይዞ ዋጋ ይቆርጣል። ሻጩ ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ገዢውም ከጎኑ ነው፤ ጤፉ በሁለቱም ዓይን ፊት ተበትኗል። አይስማሙም ይሆናል፤ ግን ስለ ምን እንደሚከራከሩ ያያሉ። ጥሩ ገበያ ማለት ይህ ነው። የባህል ዕውቀት ገበያም ባለቤቱ ሳያይ የሚቆረጥበት እስከሆነ ድረስ፣ ላሟ በሰማይ ትኖራለች፤ ወተቷን የሚያልባት ግን ሌላ ነው።